የተረሳ መቃብር፣ የፈረሰ ጸሎት ቤት፣ ኦና የቀረ ግቢ፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቆዩ የገጠር መካነ መቃብሮች፣ ስለ ትንንሽ ጸሎት ቤቶችና ነዋሪዎቻቸው ጥለዋቸው ስለሄዱ የገበሬ ግቢዎች የአርኪዮሎጂ ቅኝት ከአንባብያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። ተቀራራቢ የሆኑት በአንድ ተጠቃለዋል። በምላሾቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አርኪዮሎጂ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቤተ መንግሥት፣ ታላላቅ ሐውልትና የጠፋ ከተማ ነው። ጥቂት ቤተሰቦች የተቀበሩበት የገጠር መቃብር፣ ትንሽ ጸሎት ቤትና የፈረሰ የገበሬ ቤት ባለሙያ የሚያሰማራ ምን ቁም ነገር አለው? ሦስቱስ ለምን በአንድ ይጠናሉ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ሰዎች ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ጸሐፊ ነበራቸው፤ የገጠር ገበሬ ስም ግን በአብዛኛው በጽሑፍ የሚገኘው ግብር ሲከፍል፣ ሲከሰስ ወይም ሲሞት ብቻ ነው። ቤቱን ስንት ጊዜ እንዳሰፋ፣ ከብቱን የት እንዳሳደረ፣ ስንት ልጅ እንደቀበረ የሚነግረን የኖረበት መሬት ነው። በግቢው የኖረው፣ በጸሎት ቤቱ የጸለየውና በመቃብሩ ያረፈው ያው አንድ ማኅበረሰብ ስለሆነ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ታሪኩን ጎዶሎ አድርጎ ይዞታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሸር የሚገኘው ዋራም ፐርሲ የተባለው ኦና መንደር ነው። የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪው ሞሪስ ቤረስፎርድና አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት ከ1950 እስከ 1990 ድረስ በየበጋው እየተመለሱ አጥንተውታል። በሣር በተሸፈነው ተዳፋት ላይ የገበሬዎቹ ቤቶች መሠረትና የግቢዎቻቸው ድንበር ጉብታና ስርጉድ ሆነው ይታያሉ፤ በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ጣራው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የመንደሩ ሕዝብ ሲበዛ በቤተ ክርስቲያኑ ጎንና ጎን ክንፎች ተጨምረው ነበር፤ ሕዝቡ ሲመናመን ደግሞ ክንፎቹ ፈርሰው ቅስቶቹ በግንብ ተደፍነዋል። ከቅጥሩ ውስጥ ወደ 700 የሚጠጋ አፅም ወጥቶ ተጠንቷል። መንደሩ በ1500 አካባቢ ባዶ የሆነው ባለርስቶች የእህሉን መሬት ወደ በግ ግጦሽ ስለቀየሩት ነው። የቤቶቹ መሠረት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብና መቃብሩ በአንድ ሲነበቡ አንዱ የሌላውን ምስክርነት ያጸናል፤ ለየብቻ ቢጠኑ ኖሮ ግን የተደፈነ ቅስት ከተደፈነ ቅስትነት አያልፍም ነበር።

ጥያቄ፦ በምናውቀው አንድ የቆየ መካነ መቃብር ውስጥ ቆመው የሚታዩት ድንጋዮች ከአሥራ አምስት አይበልጡም፤ ሽማግሌዎች ግን ከዚያ እጅግ የሚበዛ ሰው እንደተቀበረበት ይናገራሉ። ሳይቆፈር ቁጥሩን ማወቅ ይቻላል?

ምላሽ፦ ብዙውን ጊዜ ወደ እውነቱ መቅረብ ይቻላል። ሥራው የሚጀመረውም በመሣሪያ አይደለም፤ በዓይን ነው። የሬሳ ሣጥን በስብሶ ሲደረመስ ከላይ ያለው አፈር አብሮ ይሰምጣልና በመሬቱ ላይ የሰው ቁመት ያህል የረዘመ፣ ዳርና ዳሩ ለስላሳ የሆነ ስርጉድ ይቀራል። ይህ ስርጉድ በቀትር ፀሐይ አይታይም፤ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻው ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ስርጉድ ጥላውን ይዞ ይወጣል። በድርቅ ወቅትም አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ካልተነካው አፈር ይልቅ እርጥበት ስለሚይዝ በላዩ ያለው ሣር ዘግይቶ ይደርቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ድንጋዮቹ ይታያሉ፤ ይህን ስል የተቀረጹትን ብቻ ማለቴ አይደለም። ድሃ ቤተሰብ ከማሳው ያነሳውን ያልተጠረበ ድንጋይ በራስጌና በግርጌ ያቆም ነበር፤ ችኩል ተመልካች ይህን ድንጋይ እንደ ተራ ድንጋይ ቆጥሮ ያልፈዋል። መለያው አቀማመጡ ነው። ተራ ድንጋይ በሰፊ ጎኑ ይተኛል፤ የመቃብር ድንጋይ ግን በጠርዙ ቆሞ ከፊሉ ተቀብሮ ይገኛል፤ ፊቱም እንደ ጎረቤቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው፤ ከፊት ለፊቱም ጓደኛ ድንጋይ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ሲለካ ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ አዋቂ፣ ከአንድ ሜትር ካልበለጠ ደግሞ ሕፃን ሊሆን ይችላል። በአንድ ጥግ ተጠጋግተው የቆሙ እንዲህ ያሉ አጫጭር ጥንዶች ያጋጠሙት ሰው፣ ምንም ጽሑፍ ባይኖርባቸውም፣ የአንድን መንደር ክፉ ዘመን እያነበበ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ድንጋይና ስርጉድ በትንሽ ባንዲራ ምልክት ተደርጎበት በካርታ ላይ ሳይሰፍር ወደ መሣሪያ መሄድ ተገቢ አይደለም።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ውስጥ ራዳር ነው። ስለ ራዳር በሰፊው የተሳሳተ ግንዛቤ አለ፤ አጥንትን እንደ ሐኪም ራጅ አያሳይም። የሚያሳየው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ አፈሩ በተለወጠበት ቦታ ተንጸባርቆ ሲመለስ የሚፈጥረውን ምልክት ነው፤ ይኸውም የተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ፣ ባዶ ቦታ ወይም የሣጥን ቅሪት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት በተቀራረቡ መስመሮች፣ የመቃብሮቹን ርዝመት አቋርጦ እንዲሄድ ይደረጋል። መስመሩ ከመቃብሮቹ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ በሁለት መስመሮች መካከል አንድ መቃብር እንዳለ ሊታለፍ ይችላል። በአሸዋማ አፈር ላይ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ በሸክላማና እርጥብ አፈር ላይ ግን ሞገዱ በአጭር ጥልቀት ስለሚዋጥ የአፈሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም የሚለካው ዘዴ አብሮ ይሞከራል። የዛፍ ሥርና የአውሬ ጉድጓድም መቃብር መስለው ይታያሉ።

በዚህ ምክንያት ጥሩ ዘገባ አንድ ድምር ቁጥር አይሰጥም። በጽሑፍ የታወቁት፣ በድንጋይ ብቻ የሚታዩት፣ በስርጉድ የተለዩትና በራዳር የተጠረጠሩት ለየብቻ ይቆጠራሉ። ይህን ሳያደርግ ደፍኖ አንድ ቁጥር የሚጽፍ ዘገባ ሲያጋጥመኝ አምኖ ለመቀበል እቸገራለሁ። ለዘመናት ያገለገለ ቅጥር ከሆነ ደግሞ አዲሱ መቃብር አሮጌውን እየቆረጠ ስለሚሄድ ከላይ የተገኘው ቁጥር ምንጊዜም ዝቅተኛው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅኝቱ በአጥሩ አይወሰን። በአየርላንድ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተቀደሰ መሬት እንዲያርፉ ስለማይፈቀድ ወላጆቻቸው ለብቻው በተለየ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በፈረሰ ጥንታዊ ቅጥር ወይም በድንበር ላይ፣ ይቀብሯቸው ነበር። እነዚህ ቦታዎች እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ አገልግለዋል፤ ብዙዎቹም ስም ያልተጻፈባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ብቻ ናቸው ያሏቸው። ከመካነ መቃብሩ በር ላይ የሚቆም ቅኝት ከቅጥር ውጭ እንዲቀሩ የተፈረደባቸውን ሰዎች ዳግመኛ ከመዝገብ ያወጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት የታጠፉ ሽቦዎች በእጅ ይዞ በመራመድ መቃብር የሚያገኙ ሰዎች አሉ ይባላል። እውነት ነው?

ምላሽ፦ አይደለም። ሽቦ ያዡ መቃብሩ የት እንዳለ አስቀድሞ እንዳያውቅ ተደርጎ ሲፈተን ውጤቱ ከአጋጣሚ አይበልጥም። በዚህ መንገድ የተሳለ የመቃብር ካርታ ከሚጠቅምበት የሚጎዳበት ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚመጣው ሰው በዓይን የታየውን ከተገመተው መለየት አይችልምና።

ጥያቄ፦ በቆዩ የመቃብር ድንጋዮች ላይ ያለው ጽሑፍ እየደበዘዘ ነው። በወጣቶች ማኅበራችን በሽቦ ብሩሽና በበረኪና አጥበን፣ ፊደሉን በጠመኔ አድምቀን ፎቶግራፍ ልናነሳ አስበናል። ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦ አሳባችሁ ቅን ነው፤ ዘዴውን ግን እባካችሁ ተዉት። እምነ በረድና ኖራ ድንጋይ በዝናብ አሲድ እየተበላ ፊቱ እንደ ስኳር የሚፈረፈር ሆኗልና የሽቦ ብሩሽ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ለብዙ ዓመታት ሊቆይ የሚችለውን ፊደል ይዞት ይሄዳል። በረኪና በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ባገኘና በደረቀ ቁጥር እየጠጠረ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ጠመኔ ይጭራል፤ ከዚያም በላይ የሚያደምቀው እናንተ አለ ብላችሁ ያሰባችሁትን ፊደል ነው። የአሸዋ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ከሆዱ ተላቆ ሊሆን ስለሚችል በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከነጭራሹ አትንኩት።

ጽሑፍን የሚያወጣው ብርሃን ነው። አንድ ሰው መስተዋት ይዞ ከጎን ይቁምና የፀሐይን ብርሃን በድንጋዩ ፊት ላይ በአግድም ይልከው፤ በቀጥታ ስታዩት ልሙጥ የመሰለው ፊት ላይ ፊደሎቹ ጥላቸውን ጥለው ይነሳሉ። ማታ በእጅ ባትሪም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ካሜራውን በአንድ ቦታ አቁሞ መብራቱን ብቻ እያዘዋወሩ በርካታ ፎቶግራፎች በማንሳት በኮምፒዩተር የሚያቀናብር ዘዴም አለ፤ ብዙ ጊዜ በዓይን የማይነበበውን ያስነብባል። ከዚህ በቀር ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ፣ እሱም ድንጋዩ ጽኑ ከሆነና ባለቤቱ ወይም የሚመለከተው አካል ከፈቀደ ብቻ ነው።

ስትመዘግቡም ጽሑፉን ብቻ አትቅዱ። የድንጋዩን ዓይነት፣ ቁመትና ውፍረት፣ ፊቱ የዞረበትን አቅጣጫ፣ የጀርባውን ገጽ፣ የግርጌውን ድንጋይና ጌጡን ጨምሩ፤ የተሳሳተ የሚመስል ፊደል ቢኖር እንኳ እንዳለ ቅዱት እንጂ አታርሙት። ጌጥ ከንቱ አይደለም። ጄምስ ዲትዝና ኤድዊን ደትለፍሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በቆዩ መቃብሮች ላይ ያሉትን ሥዕሎች በየዓመታቸው ቆጥረው ነበር። ክንፍ ያለው የራስ ቅል ቀስ በቀስ ቦታውን ለሕፃን ፊት መልአክ ይለቅቃል፤ እሱም በተራው ለማሰሮና ለአኻያ ዛፍ ይለቅቃል። እያንዳንዱ ድንጋይ ዓመቱ ስለተጻፈበት አንድ የጌጥ ዓይነት እንዴት እንደሚወለድ፣ እንደሚስፋፋና እንደሚጠፋ በእርግጠኝነት ማሳየት ችለዋል፤ ለውጡንም የጥንቱ ጥብቅ የፒዩሪታን (ከእንግሊዝ የፈለሱ ፕሮቴስታንቶች) እምነት እየላላ ከመሄዱ ጋር አያይዘውታል። ይህን ሁሉ ያገኙት አንድ አካፋ አፈር እንኳ ሳያነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ግንቡ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ቦታው ከታረሰ ጸሎት ቤት ምን ሊገኝ ይችላል?

ምላሽ፦ ከሚጠበቀው በላይ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ሴንት ሜሪስ ሲቲ በሚባለው ቦታ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የካቶሊኮች የጡብ ጸሎት ቤት ነበር። በ1704 በአገረ ገዢው ትእዛዝ በሩ ተቆለፈ፤ በኋላም ጡቡ ተነቅሎ ሄደና ቦታው እርሻ ሆነ። በ1938 መሠረቱ ሲገኝ የመስቀል ቅርጽ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለትንሽ ቤት ማንም እንዲህ ያለ መሠረት አይጥልምና ከመሠረቱ ብቻ ሕንጻው ከፍ ያለ እንደነበር መረዳት ተችሏል። በ1990 በውስጡ ሦስት የእርሳስ ሣጥኖች ተገኙ፤ ከተቀበሩት አንዱ የቅኝ ግዛቱ አገረ ገዢ የነበረው ፊሊፕ ካልቨርት እንደሆነ ታውቋል።

በቅኝት ጊዜ ግን መሠረቱን ብቻ አትፈልጉ። የፈረሰ ጸሎት ቤት ድንጋይ ሩቅ አይሄድም፤ በአካባቢው ካብ፣ በበረት ግድግዳ፣ በጉድጓድ አፍ ላይ ይገኛል። የተጠረበ የመስኮት ጠርዝ በከብት በረት ካብ ውስጥ ሲታይ ተነቅሎ ወደ ሙዚየም እንዲወሰድ የሚጓጉ ሰዎች አሉ። ባለበት ይመዝገብ እላለሁ፤ ወደ ካቡ የገባበት ታሪክም የራሱ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ኦና የቀረ የገበሬ ግቢን ዕድሜ በምን ታውቁታላችሁ? በጫካ ከተዋጠስ እንዴት ይገኛል?

ምላሽ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ከአውሮፕላን ወይም ከድሮን የሌዘር ብርሃን ወደ መሬት እየላከ ርቀቱን የሚለካው ሊዳር የተባለው ዘዴ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ መሬት የሚደርሰውን ብርሃን ለይቶ የመሬቱን ገጽ ያለ ዛፎቹ ያሳያል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በኒው ኢንግላንድ ጫካው ተመንጥሮ ለዘመናት ሲታረስ ከኖረ በኋላ ገበሬዎቹ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን እርሻውን እየተዉ ሄደው ዛፉ ተመልሶ በቅሎበታል። ዛሬ በሊዳር ካርታ ላይ የድንጋይ ካቦቹ፣ አሮጌ መንገዶቹና የቤቶቹ ምድር ቤት ጉድጓዶች ከጫካው ሥር እንደተሳሉ ይታያሉ። ካርታው ግን የት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል እንጂ ሄዳችሁ ከማየት አያድናችሁም። በደን መካከል ባልተለመደ ሁኔታ በተርታ የቆሙ ዛፎች፣ ወይም ሰው ካልተከላቸው በዚያ የማይበቅሉ አበቦች፣ ደጃፉ የት እንደነበር ያመለክታሉ።

የታረሰ ማሳ ከሆነ ባለሙያዎች በእኩል ርቀት ተሰልፈው ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ይራመዳሉ፤ ያዩትን ገል፣ ሚስማርና ጠርሙስ ስባሪ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ገበሬ የቤቱን ጥራጊ ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ወደ ማሳው ይወስድ ስለነበር ሳሳ ብሎ በሰፊው የተበተነ ገል የቤት ምልክት አይደለም፤ ማሳው ማዳበሪያ እንዳገኘ ብቻ ይናገራል። ቤት የነበረው ገሉ ጠቅጠቅ ብሎ፣ ከተቃጠለ አፈር፣ ከጡብ ስባሪና ከሚስማር ጋር በሚገኝበት ቦታ ነው። ከብት ያደረበትን ቦታ ለመለየት ደግሞ የአፈሩ ፎስፌት፣ ማለትም ከፍግና ከጥራጊ ወደ አፈር የሚገባው ንጥረ ነገር፣ ይለካል። ሰውና እንስሳ በኖሩበት መሬት ፎስፌት ተጠራቅሞ ለዘመናት እንደሚቆይ ያሳየው ስዊድናዊው የእርሻ ተመራማሪ ኦሎፍ አሬኒየስ ሲሆን ግኝቱን ይፋ ያደረገውም በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ዕድሜውን የሚነግሩን ተራ ነገሮች ናቸው። በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠ ሚስማር በአራቱም ጎን ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በማሽን ከብረት ሉህ የተቆረጠው በሁለት ጎን ብቻ ይቀጥናል። ከ1880ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የሽቦ ሚስማር ደግሞ ዘንጉ ክብ ነው። ጆሳያ ዌጅዉድ በ1760ዎቹ ያሻሻለው ክሬም ቀለም ያለው ሸክላም በብዙ አገሮች ተሸጧልና በተገኘበት ሁሉ እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል። ደንቡ ይህ ነው፦ አንድ የአፈር ንብርብር በውስጡ ካለው የመጨረሻው አዲስ ዕቃ በፊት ሊደረብ አይችልም። መቶ አሮጌ ገል ያለበት ጉድጓድ ከሥሩ አንድ የሽቦ ሚስማር ቢገኝበት ጉድጓዱ የተሞላው ከሚስማሩ ዘመን በኋላ ነው። ጎብኚዎች ለማስታወሻ ብለው አንድ ገል ወይም አንድ ሚስማር ማንሳታቸው ይህን ያህል የሚያስቆጣን ለዚህ ነው፤ ያችው አንዷ የዘመኑ ምስክር ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አለኝ። በእንዲህ ያለ ግቢ ብጠቀምበት ጉዳት አለው?

ምላሽ፦ ብቻዎን ከሆነ አዎን። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ መጠቀሙ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በመካነ መቃብር ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ከቅኝት ቡድን ጋር ሆነው ምልክቱን በባንዲራ ብቻ እያመለከቱ ቢሠሩ ግን የሚስማሮቹ ስርጭት የእንጨት ቤት ግድግዳ በየት በኩል እንዳለፈ ሊያሳይ ስለሚችል ሙያዎ ተፈላጊ ነው።

ጥያቄ፦ የሟቾቹ ዘሮች ጥናቱን ቢቃወሙስ? የተሰበሰበው መረጃስ በማን እጅ ይቀራል?

ምላሽ፦ ዘሮቹ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥናቱ ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ከመጀመሩ በፊት ነው። በ1991 በኒው ዮርክ ለመንግሥት ሕንጻ መሠረት ሲቆፈር በአብዛኛው በባርነት የኖሩ አፍሪካውያን ያረፉበት መቃብር ተገኘ፤ ቦታው መቃብሩ ሲያገለግል በነበረበት ጊዜ ከከተማዋ ዳር የነበረ ሲሆን ከካርታዎችም ይታወቅ ነበር። ሥራው በጥድፊያ ሲቀጥል የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ ተቃውሞ አስነሳና በ1992 ቁፋሮው ቆመ። የወጡት የ419 ሰዎች አፅሞች በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በአንትሮፖሎጂስቱ ማይክል ብሌኪ መሪነት ተጠኑ፤ በምርምር ጥያቄዎቹ ላይ ማኅበረሰቡ እንዲመክርበት ተደረገ፤ በ2003ም አፅሞቹ በክብር ተመልሰው ተቀበሩ። ተቃውሞው ጥናቱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ማኅበረሰቡ ስለ ሰዎቹ አመጣጥና ስለ ሕይወታቸው መከራ ያነሳቸው ጥያቄዎች ጥናቱን አሻሽለውታል። እኔ ቤተሰቦች እምቢ ካሉ አፅም መነካት የለበትም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ከምድር በላይ ያለውን መመዝገብ ግን ብዙ ጊዜ እነሱው ራሳቸው የሚደግፉት ሥራ ነው። የማይነበብ ድንጋይ የማን እንደሆነ፣ ድንጋይ የሌለው መቃብር የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚናገሩትም ከነተናጋሪው ማንነትና ከነቀኑ፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ከካርታው ጋር ይመዘገባል።

መረጃውን በተመለከተ፦ ሙሉው መዝገብ አገሩ ለቅርስ ጥበቃ ባቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቅጂ በአቅራቢያው ባለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ መዛግብት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በቤተሰቦቹ ወይም በምእመናኑ እጅ ይቀመጥ። የዘረፋ ስጋት ባለበት ቦታ ትክክለኛው የጂፒኤስ ነጥብ ለሕዝብ በሚወጣው ዘገባ ውስጥ አይገባም። ፎቶግራፎቹ እያንዳንዳቸው የድንጋዩን ቁጥር፣ የተነሱበትን ቀንና አቅጣጫ ይያዙ፤ ካርታውና የድንጋዮቹ ዝርዝር በኮምፒዩተር ብቻ ሳይቀሩ በወረቀትም ይታተሙ።